የካውያ ልጅ ዳሌ

ካውያ የሚለውን ስም ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ያኔ ገና ሚስቱ አልነበረችም። ሦስታችንም በአንድ ላውንደሪ ውስጥ ነበር የምንሠራው። እኔ ከፊት ባንኮኒው ላይ ቆሜ ልብስ እቀበላለሁ፣ አስረክባለሁ። እሷ ከጎኔ በስፌት መኪናዋ ዚፕ ትቀይራለች፣ ቁልፍ ትተክላለች፣ የሱሪ እግር ታሳጥራለች። እሱ ከመጋረጃው ጀርባ እንፋሎት ውስጥ ቆሞ ይተኩሳል። ከአፉ ቃል ማውጣት ምጥ ነበር። አንድ ጠዋት "እንዴት አደርክ?" ብላው ራሱን ነቅንቆ ሲያልፍ፣ "ይኼ ሰውዬ ካውያ ነው እንዴ? ካልሰኩት አይሞቅም" አለች። በዚያው ቀረ። ደንበኛ ሳይቀር ካውያ ይለው ጀመር፤ እሱም አልከፋውም። በኋላማ ራሷ ሰካችው፤ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ ከመጋረጃው ጀርባ ሳቅ መስማት ጀመርን። ካውያ ወላጆቹን በልጅነቱ ያጣ፣ ከአንዱ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው እየተላለፈ ያደገ ሰው ነው። ሲያገባ ሚስት ብቻ አላገኘም፤ እናትም አገኘ። የሚስቱ እናት፣ እኛም ሁላችን እማማ የምንላቸው፣ ከዚህች አንድ ልጃቸው ሌላ የላቸውም ነበርና እሱን እንደ ወለዱት ያዩት ነበር። ሸሚዙ ሲላላበት "ልጄ ምን በላህ?" የሚሉት እሳቸው ነበሩ።

ልጅ ቶሎ አልመጣላቸውም። ስትመጣም አመጣጧ ሌላ ሆነ። የሚስቱ መውለጃ ሲቃረብ አልትራሳውንድ ተነሥታ፣ ፅንሷ በመቀመጫዋ ነው ያለችው፣ ጭንቅላቷ ወደ ላይ ነው አሏት። እሷ ወደ ሥራ ተመልሳ ሆዷን እየዳሰሰች፣ "እኔን መስላ ነው፣ ቁጭ ብላ ነው የምትሠራው" ብላ አሳቀችን። ስሟን ማን ልትያት ነው ስንላት "ፊቷን ሳላይ አልነግራችሁም" አለች።

ሐኪሞቹ በቀዶ ጥገና እናዋልዳት አሉ። እኔ ሻይ በፔርሙዝ ይዤ ስደርስ ካውያ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፎ፣ በፎጣ የተጠቀለለች ሕፃን ታቅፎ ቆሟል፤ እማማ ከቀዶ ጥገናው ክፍል በር ላይ ቆመዋል። አንዷ ነርስ አስታቅፋው ሄዳለች፤ የት ይዟት እንደሚሄድ የነገረው የለም።

"እሷስ?" አልኩት።

"ደሟ አልቆም ብሏል" አለ። "እየሮጡ ነው።"

ሕፃኗን ልቀበለው እጄን ስዘረጋ አልሰጠኝም። እስከ መጨረሻው አልሰጠኝም። ሐኪሟ ወጥታ ጭምብሏን ስታወርድ ፊቷን አይተን አወቅን። እማማ እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ። ካውያ ግን አልተቀመጠም፣ አላለቀሰም። ሕፃኗን እንዳቀፈ ሐኪሟን፣ "ልጅቷን አይታታለች?" ብሎ ጠየቃት። 

ከሆስፒታሉ ከመውጣታችን በፊት አንድ ወጣት የሕፃናት ሐኪም ልጅቱን መረመራት። እግሮቿን አጥፎ እንደ እንቁራሪት ወደ ውጭ ከፈተ፣ መለሰ፣ ደግሞ ከፈተ። "በእጅ ሲዳሰስ ደህና ነው" አለ። "ግን ሴት ናት፣ በመቀመጫዋም ነበረች። እንዲህ ያሉት ላይ የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር ይበዛል፤ በእጅ የማይያዝ ደግሞ አለ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ዳሌዋ በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።" ካውያ ራሱን ነቀነቀ። ያን ቀን የቤቱ ጣሪያ ተነቅሎ ሄደ ቢሉትም ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ስሟን እናትየዋ ይዛው ሄደች። ሌላ ስም ለማውጣት የደፈረ የለም። ሚጢ አልናት፤ ለጊዜው ብለን።

እማማ ቤታቸውን ዘግተው ከካውያ ጋር መኖር ጀመሩ። ቤቱ አንድ ክፍልና ጠባብ ጓዳ ነው። እሱ ጓዳው ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ይተኛል፤ እሳቸውና ሚጢ አልጋው ላይ። የዱቄት ወተት ይበጠብጣሉ፣ ጡጦ ይቀቅላሉ፣ ያጥባሉ። ሚጢ አልቃሻ ነበረች። እማማ መላ አላቸው፤ እግሮቿን ቀጥ አድርገው፣ ክንዶቿን ከጎኗ ገጥመው፣ በአንሶላ ጥብቅ አድርገው ይጠቀልሏታል። ያኔ ጸጥ ትላለች። "ልጄንም እንዲሁ ነው ያሳደግኳት" ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መናገር ያቅታቸዋል።

ከሆስፒታል ሲደወል ካውያ እየተኮሰ ነበር። የሚጢ የዳሌ ምርመራ ቀጠሮ አልፏል። "ልጅቱ ደህና ናት" ብሎ ሊዘጋ ሲል የደወለችው ሴትዮ በለሰለሰ ድምፅ፣ "ደህና መሆኗን እኛም አይተን እንንገርህ" አለችው። ስልኩን ይዞ ወደ ባንኮኒው መጣ።

"እዚያ ቤት ብቻዬን መግባት አልችልም" አለኝ።

አብሬው ሄድኩ፤ እማማም መጡ። ክፍሉ መጋረጃው የተዘጋ፣ ጠባብ ነው። ባለሙያዋ ሚጢን በጎኗ አስተኝታ፣ ጄሉን በመዳፏ አሙቃ ዳሌዋ ላይ ቀባችና የእጅ መሣሪያውን አሳረፈችበት። ካውያ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ክፍል የገባው ከሚስቱ ጋር ነው። ዐይኑ ስክሪኑን ትቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተተክሎ ነበር፤ እሷ ተኝታ የነበረችበት ላይ።

ቀኙን አየች፤ "ይኼ ጥሩ ነው" አለች። ሚጢን ገለበጠቻት። የግራውን ደግሞ ማየት ጀመረች። መሣሪያውን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠች፣ ስክሪኑ ላይ መስመር አሰመረች፣ አጠፋች፣ እንደገና አሰመረች። እማማ በሹክሹክታ መጸለይ ጀመሩ።

"ጠጋ በል" አለችው ለካውያ። "ይኼ ክብ ነገር ይታይሃል? የጭኗ አጥንት ራስ ነው። እንደ ኳስ ነው። ይኼ ደግሞ ኳሱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ነው። በቀኝ በኩል ኳሱ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል። በግራ በኩል ጎድጓዳው ጠፍጣፋ ነው፤ ኳሱም ወደ ውጭ ሸሽቷል።"

"ያማታል?"

"አሁን አያማትም። ማንም ሳያውቅ የሚቀረው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ልጁ መራመድ ሲጀምርና ሲያነክስ ነው። ያኔ ደግሞ ከባድ ይሆናል።"

"ራጅ ይነሣላትና ይጣራ" አለ ካውያ። የተሳሳተች እንድትሆን ነበር የፈለገው።

"የሷ አጥንት ገና ለስላሳ ነው፣ ራጅ አያሳየውም። አሁን የሚያሳየው ይኼ ነው።"

ባለሙያዋ የላከችን የአጥንት ሐኪም ጠና ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። ከጨርቅ የተሠራ ማሰሪያ አመጣ። ከትከሻ እስከ እግር የሚደርሱ ጠፍሮች አሉት፤ ሁለቱን ጉልበቶች አጥፎ፣ ጭኖቹን ወደ ጎን ከፍቶ ይይዛል። ኳሱ ጎድጓዳው ውስጥ ከቆየ ጎድጓዳው ራሱ በኳሱ ልክ እያደገ ይሠራል፤ ኳሱ ከወጣ ግን የሚሠራበት ነገር የለውም፣ አለን። ከዚያ ወደ እማማ ዞሮ፣ "እናቴ፣ ቀንም ሌትም አይወልቅም። እኛ ብቻ ነን የምናወልቀው። እግሯን ቀጥ አድርጎ መጠቅለልም ከዛሬ ጀምሮ የለም" አላቸው።

እማማ ሚጢን አዩአት። እግሮቿ ተከፍተው ተሰቅለዋል፤ ፊቷ በልቅሶ ቀልቷል። "እናቷን ቀበራችሁ" አሉ ቀስ ብለው፣ "አሁን ደግሞ ልጇን አሰራችሁ።" 

የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል ይባላል። ካውያ ቀን ከእንፋሎት ጋር ሲታገል ይውላል፣ ሌሊት ከልቅሶ ጋር። ሚጢ በማሰሪያው ውስጥ እንቅልፍ አልወስድ አላት። እሱ ሲገባ እማማ ያስረክቡታል፤ በጠባቧ ክፍል ከበር እስከ መስኮት ይመላለስባታል። ዐይኑ ጎደጎደ፣ ጉንጩ ገባ። የሚገርመው ግን እማማ "ቀን ቀን ደህና ትተኛለች" ይሉት ነበር። እሱም ይህን እየነገረኝ፣ "እንቅልፏን ለሳቸው፣ ልቅሶዋን ለኔ አካፍላ ነው" አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀልድ ሲሞክር ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ የእንፋሎት ማሽኑ ተበላሸና ቀደም ብሎ ወደ ቤት ሄደ። በሩን ሲከፍት ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሚጢ አልጋው ላይ እንደ ጥቅል እቃ በአንሶላ ተጠቅልላ፣ እግሮቿ ቀጥ ብለው፣ ከንፈሯ ከፈት ብሎ ተኝታለች። እማማ አጠገቧ ቁጭ ብለው፣ እጃቸውን ደረቷ ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸው ወደ ጎን ወድቆ አንቀላፍተዋል። ማሰሪያው መስኮቱ ላይ ነበር።

አልቀሰቀሳቸውም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። እማማ ሲነቁ አዩት፤ ማሰሪያውን አዩት፤ ማንሣት እንኳ አልሞከሩም።

"ዛሬ ብቻ ነው?" አላቸው።

"አንተ ስትወጣ እፈታታለሁ። ልትመጣ ስትል መልሼ አስራታለሁ።"

"በየቀኑ?"

መሬት መሬት አዩ።

"እማማ፣ ሐኪሙ የተናገረውን አልሰሙም?"

"ሰምቻለሁ" አሉ። "ልጅዎ ደህና ናት፣ አሁን ትወጣለች ሲሉኝም ሰምቻለሁ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ የነሱን ነገር በምን ጆሮዬ ልስማ? ስታለቅስ እናቷ ናት የምታለቅስብኝ፤ አንጀቴ አልቻለም።"

ቢጮህባቸው ይሻል ነበር። አልጮኸም። ሚጢን ፈታ፣ ማሰሪያውን መለሰላት፣ ልቅሶዋን አነሣች፤ ታቅፏት ውጭ ወጣ። በማግስቱ ወደ ሥራ ሲመጣ ይዟት መጣ።

የላውንደሪው ባለቤት አየና ፊቱን አጠቆረ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ላውንደሪ የሕፃን ቦታ አይደለም፤ ሙቀቱ አለ፣ የሳሙናው ሽታ አለ። "ለጥቂት ቀን ነው" አለው ካውያ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም። ሚጢን ከጎኔ፣ በጨርቅ በተሸፈነው በእናቷ መኪና አጠገብ፣ የልብስ ቅርጫት ውስጥ አስተኛናት። ደንበኛ "እግሯ ምን ሆኖ ነው?" ይላል፤ እኔ እነግራለሁ። አንዷ ነፍሰ ጡር ሰምታ ፊቷ ሲለወጥ አየሁና፣ "አንቺም ስትወልጂ የልጅሽን ዳሌ በአልትራሳውንድ አስመርምሪ፤ ችግር ቢያገኙ እንኳ ጊዜው ገና ነው" አልኳት። ይህን ስል የሚጢ ጊዜ ገና ይሁን ያለፈ አላውቅም ነበር።

እማማ ከመንገዱ ማዶ መጥተው መቆም ጀመሩ። ጠዋት ይመጣሉ፣ ከጫማ መሸጫው በረንዳ ሥር ቆመው ወደኛ ያያሉ። ወጥቼ "እማማ ይግቡ እንጂ" ስላቸው "አልጠራኝም" ይላሉ። እሱም በመጋረጃው ቀዳዳ ያያቸዋል፤ አይጠራቸውም። ሁለቱም አንድ ሰው ነው የሞተባቸው፤ ያቺው ሰው ብትኖር ኖሮ በአንዲት ቀልድ ታስታርቃቸው ነበር።

ዶፍ ዝናብ የጣለ ቀን እማማ ከቦታቸው አልተነቃነቁም። በረንዳው ጠባብ ነው፤ ከጉልበታቸው በታች ረጥበዋል። ካውያ ካውያውን አስቀምጦ፣ ደንበኛ የረሳውን ጃንጥላ ይዞ ወጣ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማኋቸው።

"ይግቡ፣ እማማ። ሚጢ ፈልጋዎታለች።"

"እሷ አፍ የላት። አንተ ነህ የፈለግኸኝ?"

ጃንጥላውን ከራሳቸው በላይ ዘረጋ። "ሁለታችንም" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ በልጃቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሚጢን ከነማሰሪያዋ ታቅፈው ይውላሉ። ስታለቅስ አብረው ያለቅሳሉ፤ እጃቸው ግን ወደ ጠፍሮቹ አልሄደም። የባሰ አታምጣ እያሉ ያወዛውዟታል።

የባሰው መጣ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ያቺው ባለሙያ ጄሉን ቀብታ መሣሪያውን ስታሳርፍ እኛም ማየት ተምረን ነበር። ክቡ ነገር ጎድጓዳው ውስጥ የለም። እንዲያውም ከበፊቱ ርቆ ሄዷል። ካውያ ቀድሟት "የለም" አለ። እሷም "የለም" አለች።

ሐኪሙ ማሰሪያውን አወለቀው። ኳሱ ካልገባ ማሰሪያውን ማቆየት ጉዳት ያመጣል፤ ትንሽ ታድግና በማደንዘዣ አስተኝተን፣ በእጃችን ወደ ቦታው መልሰን፣ በጀሶ እናስራታለን አለ። ሚጢ እግሮቿን ፈትታ ታወራጫለች፤ ደስ ብሏታል። እኛ ግን እንደ ተቀጣ ሰው አንገታችንን ደፍተናል።

"ዶክተር" አሉ እማማ። "እኔ ፈትቻት ነበር። እሱ ሳያውቅ። በኔ ነው?"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "ሊሆን ይችላል" አላቸው። "ላይሆንም ይችላል። ማሰሪያው አንድም ቀን ሳይፈታ ኳሱ አልገባም የሚልበት ልጅም አለ። ይህን በእርግጠኝነት የሚነግርዎት ሰው የለም፣ እናቴ።"

መንገድ ላይ እማማ ቆም አሉ። "ቁርጡን ቢነግረኝ ይሻለኝ ነበር" አሉ። "በአንቺ ነው ቢለኝ፣ ተሸክሜው እሞታለሁ። እንዲህ ተንጠልጥዬ እንዴት ልኑር?" ካውያ ክንዳቸውን ያዘ። ያን ያህል ነው፤ አላጽናናቸውም፣ አልወቀሳቸውም።

የቀዶ ጥገናው ክፍል ቀጠሮ ሲደርስ ካውያ ሥራ ገባ። ረስቶ መስሎኝ አስታወስኩት።

"አልወስዳትም" አለኝ።

"እንዴት?"

"አንዷን በዚያ በር አስገብቼ አልወጣችም። ይቺን አላስገባም። አንካሳ ሆና ትኑርልኝ። ስንት አንካሳ ወልዶ ከብዶ ይኖራል።"

 ለሱ በሩ አንድ ነው፣ ማደንዘዣውም ያው ነው። በዚያ ሰሞን አንድ ነጭ ሸሚዝ አቃጠለ። በዚያ ሁሉ ዘመኑ አንድ ክር እንኳ አቃጥሎ አያውቅም። ሽታው ሲደርሰኝ ገባሁ፤ ካውያው ሸሚዙ ላይ ተቀምጦ እየጨሰ ነው፣ እሱ ከላዩ ቆሞ ያየዋል። እኔ ነኝ ያነሣሁት። "ማንሣት እንዳለብኝ አውቄያለሁ" አለኝ። "እጄ እምቢ አለኝ።" ሌሊት እንደማይተኛ፣ ሚጢ እስትንፋሷን እንዳታቆም አፍንጫዋ ሥር ጣቱን አድርጎ እንደሚያድር ያን ቀን ነገረኝ። ሞትን ተመኝቶ ያውቅ እንደሆነ ልጠይቀው ፈልጌ ፈራሁ። ሳልጠይቀው መለሰልኝ፦ "እሷ ባትኖር ኖሮ እስካሁን አልቆይም ነበር። ብትሄድም አልቆይም።"

እማማ ብቻቸውን ተነሥተው ሆስፒታል ሄዱ። ባለሙያዋን ፈልገው አገኙና፣ ቢተው ምን ይሆናል ብለው ጠየቋት። እሷም ሳትደብቅ ነገረቻቸው፦ ታነክሳለች፣ አንዱ እግር ያጥራል፣ ወገቧን ያማታል፣ ገና በወጣትነቷ ዳሌዋ ይጎዳል፤ ወር በዘገየ ቁጥርም መመለሱ ይከብዳል። እማማ ከዚያ በቀጥታ ወደ ላውንደሪው መጥተው፣ ባንኮኒውን ዞረው፣ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። ያን መጋረጃ አልፈው አያውቁም ነበር።

"ልጄ፣ ስማኝ" አሉት። "እኔ በርኅራኄዬ አንድ ጊዜ ፈታኋት። አንተ ደግሞ በፍርሃትህ ሁለተኛ ልትፈታት ነው?"

እንፋሎቱ ሲያፏጭ ይሰማኛል። 

"ብትሞትብንስ?" አለ በመጨረሻ። ድምፁ እንደ ልጅ ሆነ።

"ብትሞትብን አብረን እንሞታለን። ባትሞት ግን አድጋ ትጠይቅሃለች። ያን ጊዜ ምን ትላታለህ? እኔ የምላትን አላውቅም፤ ገና ካሁኑ እየተሸማቀቅኩ ነው።"

ካውያ ግድግዳውን ተደግፎ ተንሸራተተና ቁጭ አለ። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ያላለቀሰውን ያን ቀን አለቀሰ። እማማ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔ የሱቁን በር ዘጋሁ፤ ደንበኛ መጥቶ መስታወቱን ቢያንኳኳ አልከፈትኩም።

ሚጢን ያስገቧት በዚያው ኮሪደር ነው። ነርሷ ልትቀበለው ስትል ክንዶቹ አልተፈቱለትም፤ እማማ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያላቀቁ፣ "ስጣት፣ ልጄ፤ ስጣት" አሉት። በሩ ሲዘጋ በዚያችው ግድግዳ ላይ ቆመ። ልናስቀምጠው ብንል እምቢ አለ። ነጭ ለባሽ ሰው ባለፈ ቁጥር ፊቱ ላይ ያለው ደም ይሸሻል። አንዷ ነርስ በችኮላ ሮጣ ስታልፍ እማማ ቀሚሴን ጨበጡ፤ የሮጠችው ለሌላ ነገር ነበር። ለአንዱ ጭንቅ የሆነው ለሌላው ሩጫ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ሲወጣ ካውያ ወደሱ አልሄደም። ራሱ ሐኪሙ ነው መጥቶ ፊቱ የቆመው።

"ነቅታለች፣ እያለቀሰች ነው" አለው፤ ከዳሌው በፊት እሱን መናገር እንዳለበት ገብቶታል። "ኳሱ ገብቷል። እዚያው መቆየቱን ግን አሁን ልነግርህ አልችልም። ጀሶውና ጊዜው ናቸው የሚያውቁት።"

ጀሶው ከደረቷ በታች ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ይደርሳል፤ እግሮቿ ተከፍተው ደርቀዋል፣ ለዳይፐር ብቻ ቀዳዳ አለው። ሸክሟ እጥፍ ሆነ። ሰው ሁሉ በሚታቀፍበት አያያዝ አትታቀፍም፤ እማማ ትራስ እየደራረቡ፣ እየገለበጡ ያስተኟት ጀመር። ጀሶው እንዳይረጥብ ሲጠብቁ እንቅልፍ አጡ። ውስጡ ሲበላት እሳት እንደነካው ሰው ትጮሃለች፤ ማከክ አይቻልም። በመሀል እንደገና አስተኝተው ጀሶውን ቀየሩላት፤ ካውያ እንደገና ያችው ግድግዳ ላይ ቆመ። መጀመሪያውን ላለፈ ሁለተኛው አይከብድም የሚሉት ውሸት ነው። ለሱ ሁለተኛው ባሰበት፤ የመጀመሪያው ዕድል ነው ብሎ ነበርና።

ጀሶው ሲነሣ ከውስጡ የወጡት እግሮች የሚጢ አይመስሉም ነበር። ቀጭን፣ ቆዳቸው የሚቀረፍ፣ ሲነኳቸው የምትደነግጥባቸው። ሐኪሙ ይህን ጊዜ ራጅ አስነሣላት፤ አጥንቷ ጠንክሯል፣ አሁን ይታያል። ኳሱ ቦታው ላይ ነው። ጎድጓዳው ግን እንደሚፈለገው አልጠለቀም። "እንጠብቃለን" አለ። "ከጠለቀ ጠለቀ፤ ካልጠለቀ ትምህርት ቤት ከመግባቷ በፊት አጥንቱን ራሱን በቀዶ ጥገና ማስተካከል ሊኖርብን ይችላል።" ካውያ እንደ ድሮው ራሱን ነቀነቀ። ይህን ጊዜ ግን ሁሉንም ሰምቶታል።

ሚጢ ከእኩዮቿ ዘግይታ ቆመች፤ ዘግይታም ቢሆን ተራመደች። አሁን የልብስ ቅርጫቱን እየገፋች ሱቁን ትዞረዋለች። ስም ወጥቶላታል፤ ለክሊኒኩ ካርድ ሲባል የወጣ ነው፣ ማንም አይጠራትም በሱ። እማማ በልጃቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቋታል። አርጅተዋል፤ ዐይናቸው እግሯን እንጂ ሌላ አያይም። ልጅቱ ስታነጥስ እንኳ ዳሌዋን ይዳስሳሉ። ይቅር ተባብለው እንደሆን አላውቅም፤ ስለዚያ አንሶላ ሁለተኛ ሲነጋገሩ ሰምቼ አላውቅም። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይፈራሉ።

ካውያ አመሻሽ ላይ ሥራ ሲያበቃ ከመጋረጃው ይወጣና ባንኮኒው አጠገብ ይቆማል። ሚጢን ከበሩ እስከ ግድግዳው ድረስ እንድትሄድ ይጠራታል፤ እሷ ጨዋታ መስሏት እየሳቀች ትመላለሳለች። እሱ ጎንበስ ብሎ ከኋላዋ ያያል።

"እስቲ አንቺም እያት" ይለኛል። "አካሄዷ ወደ ግራ ያዘነብላል?"

"ትንሽ ልጅ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚሄደው" እለዋለሁ።

"ደግመሽ እያት።"

ደግሜ አያታለሁ። አንዳንዴ የሚያዘነብል ይመስለኛል፣ አንዳንዴ አይመስለኝም። ቀጠሮዋ ገና ነው።